የደረጃ ፈንክሽን፦ አሳሳሉና አንቀሳቀሱ



ባለፈው ጁምዓ እዚህ መንሱራ ተሰብስበን ስናጠና፣ ለ12ኛ ክፍል ፈተና በግሏ የምትዘጋጀው እህታችን ደብተሯን ዘርግታ አንድ ነገር ጠየቀች። «ስቴፕ ፈንክሽን የሚሉት ነገር አልገባኝም። መስመሩ ለምንድን ነው የሚቆራረጠው? ደግሞስ ግራፉን ወደ ቀኝ አንቀሳቅሱ ሲሉ ለምን ቁጥሩ ይቀነሳል?» አለች። ሁላችንም ዝም አልን። እኔ 12ኛን የጨረስኩት ከ8 ዓመት በፊት ነው፤ ግን ይሄኛውን ትምህርት አልረሳሁትም። ያልረሳሁበትም ምክንያት አለኝ፣ ኋላ እነግራችኋለሁ። የሰዓቱ ነገር አላዳረሰንም ነበርና በጽሑፍ አዘጋጅቼላችኋለሁ። ባለ ካሬ ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ አንብቡት፤ ሳይሳል የሚገባ ትምህርት አይደለም።

መጀመሪያ ደረጃውን እንይ። እኔ የምሠራበት ቤት ባለ ሦስት ፎቅ ነው፤ ደረጃውን በቀን አንዴ፣ እንግዳ ካለ ሁለቴ እወለውላለሁ። ደረጃ ሁለት ነገር አለው። አንደኛው እግር የሚያርፍበት ጠፍጣፋው ነው፤ እዚያ ላይ ወደፊት ብትሄጂም ከፍታሽ አይጨምርም። ሁለተኛው ቀጥ ብሎ የቆመው ነው፤ እዚያ ላይ አንድም እርምጃ ወደፊት ሳትሄጂ ከፍታው በአንዴ ይዘላል። የደረጃ ፈንክሽንም እንደዚሁ ነው። ለተወሰነ ርቀት ዋጋው ሳይለወጥ ይቆያል፣ ከዚያ በአንዲት ነጥብ ላይ ዘሎ ሌላ ዋጋ ይይዛል፣ እንደገና ይቆያል።

በ11ኛ ክፍል ሒሳብ ግሬተስት ኢንቲጀር ፈንክሽን ተብሎ የተማርነው ከእነዚህ ዋነኛው ነው። አጻጻፉ ዋይ = [ኤክስ] ነው። ትርጉሙም «ኤክስን የማይበልጥ ትልቁ ድፍን ቁጥር» ማለት ነው። ይህን ቅንፍ ለዚህ ጉዳይ የተጠቀመበት ጋውስ የሚባለው የጀርመን ሒሳብ ሊቅ ነው፣ በ1808 በአውሮፓ አቆጣጠር።

ቃሉ ከብዶ ይሰማል እንጂ ሥራውን ሁላችንም እንሠራዋለን። ዕድሜሽ ስንት ነው ሲሉሽ «26» ትያለሽ። 26 ዓመት ከ3 ወር ሆኖሽም 26 ነው፤ 26 ዓመት ከ11 ወር ከ29 ቀን ሆኖሽም 26 ነው። የልደትሽ ቀን ሲደርስ ግን በአንዴ 27። ይሄ ራሱ [ኤክስ] ነው። [26.25] = 26፣ [26.99] = 26፣ [27] = 27።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ቦታ አለ። «ነጥቡን ቆርጦ መጣል ነው» ብለው የሚያስተምሩ አሉ። ከዜሮ በላይ ያስኬዳል፤ ከዜሮ በታች ግን ያሳስታል። [−1.5] ስንት ነው? ቆርጠሽ ብትጥይ −1 ይመጣል። ነገር ግን −1 ከ−1.5 ይበልጣል፣ ትርጉሙ ደግሞ «የማይበልጥ» ነው የሚለው። ስለዚህ መልሱ −2 ነው። ምድር ቤት ያለው ቪላ አስቡ። ከመሬቱ ወለል ትንሽ ዝቅ ያለ ነገር ሁሉ የሚያርፈው ከሥሩ ባለው ወለል ላይ ነው፤ ወደ ላይ የሚወድቅ ዕቃ የለም። [−0.3]ም ዜሮ ሳይሆን −1 ነው።

አሁን እንሳለው። አግድሙ መስመር ኤክስ ነው፣ ቋሚው ዋይ። ከ0 ጀምሮ እስከ 1 ድረስ ዋይ 0 ነው፣ ስለዚህ በአግድሙ መስመር ላይ ራሱ ከ0 እስከ 1 የተኛ መስመር ይሰመራል። ከ1 እስከ 2 ድረስ ዋይ 1 ነው፣ አንድ ካሬ ከፍ ብሎ የተኛ መስመር። ከ2 እስከ 3 ዋይ 2 ነው። ወደ ግራ ደግሞ ከ−1 እስከ 0 ዋይ −1 ነው። እንዲህ እያለ በሁለቱም በኩል ይቀጥላል።

ጥያቄው ጫፎቹ ላይ ነው። ኤክስ ልክ 1 ሲሆን ከታችኛው ደረጃ ነው ወይስ ከላይኛው? [1] = 1 ነውና ከላይኛው ነው። ስለዚህ በላይኛው ደረጃ ግራ ጫፍ ላይ ጥቁር የተሞላ ነጥብ እናደርጋለን፤ «እዚህ አለ» ማለት ነው። በታችኛው ደረጃ ቀኝ ጫፍ ላይ ባዶ ክብ እናደርጋለን፤ «እስከዚህ ይጠጋል እንጂ እዚህ የለም» ማለት ነው። እንግዲህ እያንዳንዱ ደረጃ በግራው የተሞላ፣ በቀኙ ባዶ ክብ አለው።

እህታችን «መስመሩ ለምን ይቆራረጣል» ላለችው መልሱ እዚሁ ነው። ሁለቱን ደረጃዎች በቋሚ መስመር ብናገናኛቸው፣ በኤክስ = 1 ላይ ዋይ 0ም፣ 0.5ም፣ 1ም ነው እንደማለት ነው። ፈንክሽን ግን ለአንድ ኤክስ አንድ ዋይ ብቻ ነው የሚሰጠው። በልደትሽ ቀን ዕድሜሽ 26ም 27ም አይደለም፣ 27 ብቻ ነው። የቤት ደረጃ ቀጥ ያለ ግድግዳ አለው፤ የሒሳቡ ደረጃ ግን ግድግዳ የለውም። በፈተና ላይ ይህን ግድግዳ የሳለ ሰው ነጥብ ይቆረጥበታል።

ሁሉም ደረጃ ግን ጥቁር ነጥቡ በግራ አይደለም። የሪያድ ሜትሮን እንውሰድ። ከታኅሣሥ 2024 በአውሮፓ አቆጣጠር ወዲህ ነው መሥራት የጀመረው፤ ሰማያዊው መስመር በበጥሐ በኩል ስለሚያልፍ ብዙዎቻችን በዕረፍት ቀን የምንጠቀመው እሱን ነው። የ2 ሰዓት ቲኬት 4 ሪያል ነው። ከገባሽ ጀምሮ 10 ደቂቃ ተጓዝሽበት፣ 1 ሰዓት ከ50 ተጓዝሽበት፣ ያው 4 ነው። 2 ሰዓቱ ካለፈ በኋላ እንደገና መግባት ከፈለግሽ ሌላ 4፣ ጠቅላላ 8። እዚህ ልክ 2 ሰዓት ሲሆን ገና 4 ላይ ነን፤ ወደ 8 የሚዘለው ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ጥቁሩ ነጥብ በደረጃው ቀኝ ጫፍ ይሆናል፣ ባዶው ክብ በግራ። ዕድሜ ወደ ታች ያወርዳል፣ ቲኬት ወደ ላይ ያወጣል። ይሄኛው ሲሊንግ ይባላል፣ ጣሪያ ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ፍሎር ነው፣ ወለል። ስሞቹን ያወጣቸው ኬኔት አይቨርሰን የሚባል ሰው በ1962 ነው። ሌላም ልብ በሉ፣ የቲኬቱ ደረጃ ስፋቱ 2 ነው፣ ከፍታው 4 ነው። ደረጃ ሁሉ 1 በ1 መሆን የለበትም።

ጥቁርና ባዶ ክብ ትንሽ ነገር ይመስላል። እኔ ግን የአንድ ወር ደመወዝ አስከፍሎኛል። ታሪኩ እንዲህ ነው።

በሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ ላይ፣ አንድ የቤት ሠራተኛ በአንድ አሠሪ ዘንድ አራት ተከታታይ ዓመት ካገለገለች የአንድ ወር ደመወዝ የአገልግሎት ማብቂያ ይሰጣታል ይላል። ደመወዙ 1000 ሪያል ነው እንበል። ይህን በግራፍ ስንስለው፦ ከ0 እስከ 4 ዓመት ድረስ ዋይ 0 ነው፣ በ4 ላይ ባዶ ክብ። ልክ በ4 ላይ ዋይ 1000 ይሆናል፣ ጥቁር ነጥብ። ሦስት ዓመት ተኩል ለሠራች ግማሽ፣ ሦስት ዓመት ከ11 ወር ለሠራች ደግሞ «ወደ ሙሉው የሚጠጋ» የሚባል ነገር በዚህ ግራፍ ላይ የለም። 3.99 ዓመትም 0 ነው። በአእምሯችን ግን ገንዘቡ ቀስ እያለ የሚያድግ፣ እንደ ዳገት ያለ መስመር ነው የምንስለው። ደንቡ የጻፈው ደረጃ ነው።

እንዲህ አንዴ ብቻ የሚዘል ፈንክሽን ስሙ በኦሊቨር ሄቪሳይድ ይጠራል። እንግሊዛዊ ነው፤ ትምህርቱን በ16 ዓመቱ አቋርጦ ቴሌግራፍ ቤት ተቀጥሮ ሲሠራ በራሱ እያነበበ ነው ትልቅ የኤሌክትሪክ ሒሳብ አዋቂ የሆነው። ይህን የጻፍኩት አለምክንያት አይደለም፣ «እኛ አቋርጠናል፣ አበቃልን» የምትሉ ስላላችሁ ነው።

ወደ እኔ ልመለስ። የመጀመሪያውን ቤት ውል የፈረምኩት አዲስ አበባ ሆኜ በጥር ወር ነው። በረራው ዘግይቶ፣ ወረቀቱ ተመላልሶ፣ ሥራ የጀመርኩት በሚያዝያ ነው። አራተኛው ጥር ሲመጣ «አራት ዓመቴን ጨረስኩ» አልኩና ለመሄድ ጠየቅሁ። ደስ እያለኝ ሻንጣዬን አዘጋጀሁ። የአሠሪዬ ልጅ የገባሁበትን ቀን በስልኩ አወጣና አሳየኝ፤ ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ነበር። ሦስት ወር ብታገስ ኖሮ የማገኘውን ትቼ ሄድኩ። ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ቁጥሩን የጀመርኩበት ቦታ ነው የተሳሳተው።

ይሄ ነው እንግዲህ ትራንስሌሽን ማለት። ግራፉን በቅርጹ ሳንነካው ወደ ጎን ወይም ወደ ላይና ወደ ታች መግፋት።

የእኔን ስሕተት በሒሳብ እንጻፈው። ኤክስን ከፊርማው ቀን ጀምሮ የምቆጥረው ዓመት ላድርገው። ያገለገልኩት ግን ኤክስ አይደለም፣ ኤክስ − 0.25 ነው፤ ሦስት ወር የዓመት ሩብ ነውና። ገንዘቡ የሚመጣው በውስጥ ያለው ኤክስ − 0.25 ልክ 4 ሲሆን ነው። መቼ ነው 4 የሚሆነው? ኤክስ 4.25 ሲሆን። መዝለያው ከ4 ወደ 4.25 ሄደ፣ ማለትም ወደ ቀኝ። ለዚህ ነው «ሲቀነስ ወደ ቀኝ» የሚሆነው። በቅንፉ ውስጥ የሚቀነሰው ነገር መዘግየት ነው። ዘግይተሽ ከጀመርሽ ሁሉም ነገር ይዘገይብሻል፣ በጊዜ መስመር ላይ መዘግየት ደግሞ ወደ ቀኝ ነው። በቅንፉ ውስጥ ከተደመረ ቀደም ብሎ መጀመር ነው፣ ስለዚህ ወደ ግራ።

ከቅንፉ ውጭ ያለው ግን ያለምንም ተንኮል የሚታየውን ነው የሚያደርገው። +2 ካለ ሁለት ካሬ ወደ ላይ፣ −2 ካለ ሁለት ካሬ ወደ ታች። አሠሪዬ በደግነት ለሁሉም ሰው 200 ሪያል ስጦታ ብትጨምር፣ 0 የነበረው 200 ይሆናል፣ 1000 የነበረው 1200። መዝለያው ያለበት ቀን አይለወጥም፤ ከፍታው ብቻ።

ስትሥሉ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ በቅንፉ ውስጥ ያለው ነገር መቼ 0 እንደሚሆን ፈልጉ፤ የመጀመሪያው ጥቁር ነጥብ እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ከቅንፉ ውጭ ባለው ቁጥር ልክ ነጥቡን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ውሰዱት። ከዚያ ነጥብ ተነስታችሁ ወደ ቀኝ አንድ ካሬ አስምሩ፣ ጫፉ ላይ ባዶ ክብ። ሌሎቹን ደረጃዎች ከዚያ ወዲያ መደርደር ብቻ ነው።

ምሳሌ፦ ዋይ = [ኤክስ − 3] + 2። በቅንፉ ውስጥ 0 የሚሆነው ኤክስ 3 ሲሆን ነው። ከቅንፉ ውጭ +2 ነው። ስለዚህ ጥቁሩ ነጥብ በ3 እና በ2 መገናኛ ላይ ያርፋል፤ መስመሩ ከ3 እስከ 4 ይሄዳል። ቀጣዩ ደረጃ ከ4 እስከ 5፣ ከፍታው 3። ወደ ግራ ከ2 እስከ 3፣ ከፍታው 1።

አሁን ጉድ ልንገራችሁ። ከዚህ ጎን ዋይ = [ኤክስ] − 1ን ሳሉት። ያው ነው! አንድ ዓይነት ግራፍ ነው። በ3.5 ፈትኑት፦ [0.5] + 2 = 2፤ [3.5] − 1 = 3 − 1 = 2። ለምን? ደረጃው ወጥ ስለሆነ ነው። ሦስት እርምጃ ወደ ቀኝ ብትገፊው፣ ሦስት ወደ ታች እንደመግፋት ነው፤ ደረጃውን ያየ ሰው የትኛውን እንዳደረግሽ ሊያውቅ አይችልም። ከዚያ ሁለት ወደ ላይ ስትመልሽው የሚቀረው አንድ ወደ ታች ነው። ይህ የሚሠራው ግን በድፍን ቁጥር ስትገፊ ብቻ ነው። በግማሽ ብትገፊው፣ ዋይ = [ኤክስ − 0.5]፣ መዝለያዎቹ በ0.5፣ በ1.5፣ በ2.5 ላይ ያርፋሉ፤ ወደ ላይም ወደ ታችም ብታንቀሳቅሺ በ1 እና በ2 ላይ ከሚዘለው ጋር አይገጥምም።

ይሄ ሁሉ የመጽሐፍ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ፣ በየቀኑ የሚያስቸግረንን አንድ ነገር ላሳያችሁ። የእኛ ዘመን አቆጣጠርና የአውሮፓው። አንዳንዱ «8 ቀንሺ» ይላል፣ አንዳንዱ «7 ቀንሺ»። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ እንደ ወሩ ነው። የአውሮፓ ዓመት ቁጥር በጊዜ መስመር ላይ ደረጃ ነው፣ በጃንዋሪ 1 ይዘላል። የእኛም ደረጃ ነው፣ በመስከረም 1 ይዘላል፣ እሱም በሴፕቴምበር 11 ነው። ከጃንዋሪ 1 እስከ ሴፕቴምበር 10 ድረስ 253 ቀን ነው። ስለዚህ የአውሮፓውን ደረጃ ወስደሽ 253 ቀን ወደ ቀኝ፣ 7 ደረጃ ወደ ታች ብትገፊው የእኛን ታገኛለሽ፦

ዋይ = [ኤክስ − 253/365] − 7

ወይም ደግሞ 112 ቀን ወደ ግራ፣ 8 ደረጃ ወደ ታች። ያው ነው የሚሆነው፣ 253 እና 112 ሲደመሩ 365 ነውና፤ በላይኛው ላይ እንዳየነው አንድ ሙሉ ወደ ጎን መግፋት በአንድ ከፍታ ይካሳል። 7 እና 8 የሚሉት ሰዎች አንዱን ደረጃ ከሁለት በኩል ነው የሚያዩት።

ወደ ወረቀት ሲመጣ እንዲህ ነው። ከእኛ ወደ እነሱ ስትቀይሪ፣ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ለተወለደ 7 ትደምሪያለሽ፣ ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜን 8። ኅዳር 1990 የተወለደች ልጅ በአውሮፓ 1997 ነው። ደላላው ግን ለሁሉም 8 እየደመረ 1998 ይጽፍላታል። አንድ ደረጃ ተሳሳተ ማለት ነው፤ ፓስፖርቷ አንድ ዓመት፣ የትምህርት ማስረጃዋ ሌላ ዓመት ይላል፣ ከዚያ በኋላ በየቢሮው «ይሄ ያንቺ ነው?» ነው። ጳጉሜን 6 በሆነች ማግስት፣ ማለትም በዘመነ ዮሐንስ፣ መስከረም 1 በሴፕቴምበር 12 ስለሚውል መዝለያው አንድ ቀን ይሸጋሸጋል፤ ያኔ 8 መደመር የሚጀመረው ከታኅሣሥ 22 ነው። ገናን በዚያ ዓመት በ28 የምናከብረውም ለዚሁ ነው።

የሒጅራው ግን በመግፋት አይገኝም። የሒጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ነው፣ ደረጃው ጠባብ ነው። ዛሬ ገፍተሽ ብታገጥሚው ከርሞ 11 ቀን ያህል ይቀድማል፣ በሚቀጥለው ዓመት 22 ቀን ያህል። ትራንስሌሽን የደረጃውን ስፋት አይነካም፤ ስፋቱ ከተለየ ሌላ ግራፍ ነው። ወረቀታችሁ ላይ የሚያበቃበት ቀን በሒጅራ ብቻ ከተጻፈ «ከርሞ በዚሁ ቀን» ብላችሁ አትዘናጉ፣ ወደ 11 ቀን ቀድሞ ይደርሳል።

ከአባቶቻችን ባሕረ ሐሳብም ውስጥ ይሄው ደረጃ አለ። ሰንበት ትምህርት ቤት የተማራችሁ ታስታውሱታላችሁ። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ዓመተ ዓለም ይባላል፤ ለ4 ተካፍሎ ድፍኑ መጠነ ራብዒት ነው፣ ቀሪው ወንጌላዊውን ይነግራል፤ 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ 0 ዮሐንስ። «ድፍኑን ውሰድ» ሲሉን የነበረው እኮ ይሄው ቅንፍ ነው፦

መጠነ ራብዒት = [(ኤክስ + 5500) ÷ 4]

ግራፉ ስፋቱ 4 ዓመት፣ ከፍታው 1 የሆነ ደረጃ ነው። 5500ው በቅንፍ ውስጥ የተደመረ ስለሆነ 5500 ዓመት ወደ ግራ ይገፋል። 5500 ደግሞ ለ4 ያለ ቀሪ ይካፈላል፣ 1375 ነው። ስለዚህ ያን ሁሉ ወደ ግራ መግፋት 1375 ደረጃ ወደ ላይ ከመግፋት ጋር አንድ ነው። ለ2018 እንፈትነው። 2018 ÷ 4 ድፍኑ 504 ነው፤ 504 + 1375 = 1879። በረጅሙ መንገድ፦ 7518 ÷ 4 ድፍኑ 1879፣ ቀሪው 2፣ ማርቆስ። ገጠመ።

መስከረም 1 የሚውልበትን ቀን ለማግኘት ዓመተ ዓለሙንና መጠነ ራብዒቱን ደምረን ለ7 እናካፍላለን። ቀሪው 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ እያለ ሄዶ 0 ሰኞ ነው። 7518 + 1879 = 9397፤ ለ7 ሲካፈል ቀሪው 3፤ ሐሙስ። ለ2019፦ 7519 + 1879 = 9398፣ ቀሪው 4፤ ዓርብ። ለ2020፦ 7520 ለ4 ሲካፈል 1880 ነው፣ ደረጃው ዘለለ! 7520 + 1880 = 9400፣ ቀሪው 6፤ እሑድ። ቅዳሜ ተዘለለች። ያቺ የተዘለለች ቅዳሜ የሉቃስ ዓመት ስድስተኛዋ ጳጉሜን ናት። እኔ ይህን ለብቻዬ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ሳወጣው በጣም ነው የተደሰትኩት።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ለቤተሰብ ስለሚጠቅም። አገር ቤት ያለው ወንድሜ መምህር ነው። «ደመወዜ ከ4000 ቢያልፍ ግብሩ ወደ 20 በመቶ ስለሚዘል ይቀንስብኛል» ይለኛል። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ እስከ 2000 ብር ግብር የለም፣ ከ2001 እስከ 4000 15 በመቶ፣ እስከ 7000 20፣ እስከ 10000 25፣ እስከ 14000 30፣ ከዚያ በላይ 35 ነው። የመቶኛው ግራፍ እውነትም ደረጃ ነው። የሚከፈለው ብር ግን ደረጃ አይደለም። 20 በመቶው የሚመለከተው ከ4000 በላይ ያለውን ብር ብቻ ነው። በ4000 ላይ ግብሩ 300 ብር ነው፣ እጁ ላይ የሚቀረው 3700። 4100 ቢሆን ግብሩ 320 ነው፣ የሚቀረው 3780። ጨመረለት እንጂ አልቀነሰበትም። ስለዚህ አንድ ነገር ሲዘል ሲታይ የትኛው እንደዘለለ መጠየቅ ነው፤ መቶኛው ነው ወይስ ብሩ? የእኔ የአራት ዓመቱ ገንዘብ ራሱ ነው የሚዘለው፤ የእሱ ግን መቶኛው ብቻ ነው።

ለሚቀጥለው ጁምዓ እነዚህን ሠርታችሁ ኑ።

አንደኛ፦ ዋይ = [ኤክስ + 2] − 1ን ከ−3 እስከ 3 ሳሉ፤ ከዚያ ሳትገፉ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ብቻ በማንቀሳቀስ ይሄንኑ ግራፍ የሚሰጥ አጻጻፍ ፈልጉ።

ሁለተኛ፦ የሜትሮውን የቲኬት ግራፍ እስከ 6 ሰዓት ሳሉ። ጥቁሩ ነጥብ በየት በኩል እንደሆነ አትርሱ።

ሦስተኛ፦ መስከረም 1 ቀን 2021 ምን ቀን ይውላል? ወንጌላዊውስ ማን ነው?

አራተኛው ለየግላችሁ ነው። ሥራ የጀመራችሁበትን ቀን ከፊርማችሁ ቀን ለይታችሁ ጻፉ፤ ውላችሁን ሙሳነድ ላይ ከፍታችሁ እዩት። የአራት ዓመቱ ጥቁር ነጥብ በየትኛው ቀን ላይ እንደሚያርፍ በግራፍ ላይ አድርጉት። ቁጥሩ ያልገባት ካለች ወረቀቷን ይዛ ትምጣ፣ አብረን እናወጣዋለን።